ጩኸት ሲሰማ በሩ ይዘጋል

ጣሳው ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም።

እኔ ሳሎን ውስጥ የሶፋውን ላስቲክ በጨርቅ እየወለወልኩ ነበር። ልጄ መታጠቢያ ቤት ናት። እሷ ደግሞ ስትታጠብ ዝም ማለት አታውቅበትም። ወይ ታንጎራጉራለች፣ ወይ ውሃው ቀዘቀዘ ብላ ትነጫነጫለች፤ ጣሳ ከእጇ ካመለጣትማ "ውይ!" ማለቷ አይቀርም። ጣሳው ሲወድቅ ሰማሁ። በሴራሚኩ ላይ ሲንከባለል ሰማሁ። ግድግዳ ነክቶ ሲቆምም ሰማሁ። "ውይ" የሚለውን ግን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ጨርቁን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ልቤ ነገሩን ያወቀው ያኔ ነው፤ እግሬ ግን ቆይቶ ነው የተከተለኝ።

"አንቺ ልጅ!" አልኩ። "እናቴ!" አልኩ። ጨርቁን ጥዬ ሮጥኩ።

የመታጠቢያ ቤቱ በር አልተቆለፈም፤ ግን አልከፈት አለኝ። ስገፋው ለስለስ ያለ ነገር ይመልሰዋል። የልጄ ትከሻ ነበር። በሩን በጀርባዬ እየገፋሁ፣ እሷን እንዳልጎዳት ደግሞ እየሳሳሁ፣ መጀመሪያ እጄ፣ ከዚያ ጎኔ እስኪገባ ታገልኩ። ወለሉ ላይ ተዘርራለች። ከቅንድቧ በላይ የቧንቧው ጫፍ መትቷት ይደማል። ዓይኗ ተገልብጧል። ጥጉ ላይ ማንደጃው አለ፤ ፍሙ ቀልቶ፣ አምሮበት፣ ጭስ የሚባል ነገር የለውም።

ከሰሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህን ሳልናገር ሌላውን ብናገር ውሸት ይሆንብኛል።

መብራት ከዋዜማው ጀምሮ ጠፍቷል። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ የሐረር ታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት አጥንት ይነክሳል። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ በዚያ ቀን ለሚኒስትሪ ፈተና ፎቶ ይነሳሉ ተብሎ፣ ፀጉሬን ሳልታጠብ አልነሳም ብላ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችኝ። ውሃውን ጓሮ በከሰል አሞቅኩላት። ፀጉሯ እስኪደርቅ ብርድ እንዳይመታት ብዬ ፍሙን ከነማንደጃው መታጠቢያ ቤት አስገባሁላት። በሩንም ዝጊው አልኳት።

ዝጊው ማለቴ ስለ ብርዱ ብቻ አልነበረም። ቤቱ የኔ አይደለም፣ የታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ በሰው አገር ዕድሜውን ጨርሶ የሠራው ቤት ነው፤ በስልክ በደወለ ቁጥር "ከሰል ቤት ውስጥ እንዳታስገቢ፣ ኮርኒሱ ይጠቁራል" ይለኝ ነበር። እኔም ነገሩ የኮርኒስ መስሎኝ፣ ሽታው ሳሎን እንዳይደርስ በሩን አዘጋኋት። መስኮቱ አሉሚንየም ነው፤ ዙሪያውን ጎማ አለው፤ ተዘግቶ ከሆነ ትንኝ አያስገባም።

ቀድሞ የነበርንበት የፈላና በር ሰፈር ቤት እንዲህ አልነበረም። ጣሪያውና ግድግዳው በማይገናኙበት በኩል ድመት ይገባና ይወጣ ነበር። ዕድሜ ልኬን እዚያ ቤት ውስጥ ከሰል አንድጄ ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም። ቤቱ ይተነፍስ ነበር ለካ። ቤት ይተነፍሳል አይተነፍስም ብሎ ማን ያስባል?

ከፈላና በር ያስወጣኝ ፍርሃት ነው። ባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፣ ታሞ ሞተብኝ። ወንድ ከቤት ሲወጣ በር የሚሳሳ ይመስለኛል። ሌት ኮሽ ባለ ቁጥር እነሳለሁ። ልጄ ደረቷ ሞላ ማለት ስትጀምር ደግሞ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ በሩ ላይ ቆሜ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ጥግ ላይ ጫታቸውን ይዘው የሚቀመጡ ጎረምሶች "አቦ፣ አንቺ ቆንጆ፣ ቀና በይ እንጂ!" ይሏታል። እሷ ትስቃለች፣ እኔ እንቅልፍ አጣለሁ። ለወንድሜ ብነግረው፣ "ምን አስጨነቀሽ፣ ቤቱ ባዶውን ተቀምጧል፣ ግቡበት። ግንብ አለው፣ ዘበኛ አለው፣ ማንም ዝር አይልም" አለኝ። እውነቱን ነው። ማንም ዝር አላለም።

ግቢው ከከተማው መውጫ ላይ ነው። ሲሠራ በዙሪያው የማሽላ ማሳ ነበር አሉ። እኛ ስንገባ ግን ከተማው ከቦታል፤ በሦስት በኩል የቆርቆሮ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ ቤት፣ መስጊድ፣ በአራተኛው በኩል አስፋልቱ። በመካከል የኛ ግንብ፣ ጫፉ ላይ ጠርሙስ የተሰካበት፣ ውስጡ ሠላሳ የሚሆን ቪላ። የባጃጅ ልጆች "ሎተሪ ሰፈር" ብለው ስም አውጥተውለት ነበር። "ሎተሪ ሰፈር ነው ሴትየዋ? በር ላይ ነው እንግዲህ የማወርድሽ፤ ለኛ ዕጣው አልወጣልንም" ይሉና ይስቃሉ። ባጃጅ ወደ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው። እኔም ሽንኩርቴን፣ ዱቄቴን ተሸክሜ እስከ ውስጥ በእግሬ ነው።

የድሮው የሐረር ቅጥር ጀጎልም ግንብ ነው። ያደግሁት ግንብ ሥር ነውና ግንብ አያስደነግጠኝም ነበር። ግን ጀጎል ፈላና በርን ጨምሮ አምስት በር አለው፤ ንጋት ላይ ሰውና አህያ ሳይጠያየቅ ይገባል፣ ይወጣል። ይሄኛው አንድ የብረት በር ነው። በሩ አጠገብ የዘበኛው ቤት፣ በቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ የግቢው ሕግ የተጻፈበት ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀጥሎ አራተኛ ክፍል ደርሼ ተውኩት። ወረቀቱን ዘበኛው በሩን እስኪከፍቱልኝ ድረስ አንዳንድ ቀን ጥቂት ጥቂት ቃል አነባለሁ። በዚያ በታኅሣሥ ስድስተኛው ላይ ደርሼ ነበር። ስድስተኛው ልብስ በፊት ለፊት በረንዳ ላይ ማስጣት ክልክል ነው ይላል።

ዘበኛው የድሮ ወታደር ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። እኔ "ጋሼ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "እትዬ" ይሉኛል። እትዬ መባል አይገባኝም፣ እኔም ያው እንደርስዎ ቤት ጠባቂ ነኝ ልላቸው ስል ስል ተውኩት። ደስም ሳይለኝ አልቀረም መሰለኝ።

የግቢው ዝምታ ግን አደከመኝ። ሰው ጩኸት ያደክመዋል ይባላል እንጂ ዝምታ እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። ጎረቤት አለኝ እንዳልል በር ተንኳኩቶ አያውቅም። በገባን በሁለተኛው ወር የመድኃኔዓለም ለት ዳቦ ጋግሬ በሰሃን ለፊት ለፊቱ ቤት ወሰድኩ። ሠራተኛቸው በብረቱ በር ቀዳዳ ተቀበለችኝ። በማግስቱ ሰሃኑ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ባዶውን ተመለሰልኝ። በኛ ሰፈር ሰሃን ባዶውን አይመለስም፤ ቢጠፋ ቢጠፋ ሁለት ሎሚ፣ አንድ ጭብጥ ጨው ጣል ይደረግበታል። ያን ባዶ ሰሃን ይዤ ወጥ ቤት ውስጥ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልጋገርኩም።

ቱታ ለብሰው ጠዋት ጠዋት የሚሮጡ የግቢው ኮሚቴ ሊቀመንበር አሉ። አንድ ቀን አስቆሙኝና፣ "በጓሮ በኩል ከውጭ ሰው ጋር ስታወሪ ታይተሻል" አሉኝ።

"ወተት ነው የምገዛው" አልኳቸው።

"ወተት ሱፐርማርኬት አለ። እነዚህ ሰዎች ወተት ብቻ አይደለም የሚሸጡት፤ ዓይናቸውንም ይዘው ነው የሚመጡት። ስንት ቤት እንዳለ፣ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ቀን ቀን ያያሉ።"

የፈራ ሰው የነገሩትን ሁሉ ያምናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግንቡ ውጭ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ብሰማ እንኳ መስኮቱን እዘጋ ጀመር። እኔ! ፈላና በር ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋሁ ያደግሁት!

ወተት ሻጯ ከከተማው ወጣ ካለው ከሶፊ ገጠር የሚመጡ ሴት ናቸው። ንጋት ላይ ጀሪካናቸውን በጀርባ አዝለው ይመጣሉ። በዋናው በር ስለማያስገቧቸው በጓሮው ግንብ፣ ቆሻሻ በሳምንት አንዴ በሚወጣበት በትንሹ የብረት በር ዘንግ መካከል ነው ወተቱን በኩባያ ሰፍረው የሚሰጡኝ። ከሰሉ ልጄን እስከመታበት ጠዋት ድረስ አንቺ ነበር የምላቸው። ሊቀመንበሩ ከተናገሩኝ በኋላ መሄድ ተውኩ። እሳቸው ግን መጥተው በጀሪካኑ ክዳን ብረቱን ኳ ኳ ያደርጉት ነበር። እሰማለሁ፤ አልወጣም።

እንግዲህ ወደዚያ ጠዋት ልመለስ።

ልጄን በብብቷ ይዤ ጎትቼ ወደ በረንዳው አወጣኋት። ትተነፍሳለች፤ ግን ትንፋሿ እንደ ማንኮራፋት ነው፣ ይመጣና ይቆያል። በጥፊ መታኋት፣ ውሃ ረጨሁባት። ስልኬን አነሳሁ፤ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል፣ ምንም የለም። ለመጮህ አፌን ከፈትኩ። ድምፄ አልወጣም።

ድምፄ ያልወጣው ስለደነገጥኩ አይደለም። አፈርኩ። በዚያ ግቢ ማንም ጮሆ አያውቅም። ልጄ እግሬ ሥር ተዘርራ እኔ "ምን ይሉኛል" አልኩ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ አንድም ይሁን ሁለት፣ ለኔ ግን ከዕድሜዬ ሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው።

ሮጬ የፊት ለፊቱን በር በመዳፌ ደበደብኩ። ሠራተኛዋ ልጅ በፎቁ በረንዳ ብቅ አለች።

"የኔ እናት ውረጂልኝ! ልጄ ሞተችብኝ፣ አግዢኝና ወደ በር እንውሰዳት!"

"እትዬ፣ ቁልፉ እኔ ጋ የለም! ድሬዳዋ ሲሄዱ ቆልፈውብኝ ነው የሄዱት!"

"በውጭ ነው የቆለፉብሽ?"

"በውጭ ነው! ምን ሆና ነው?"

"ከሰል አፍኗት!"

"ታዲያ ጩሂ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ? ጩሂ!"

ያኔ ጮህኩ። ሆዴ ውስጥ ለወራት የተቀመጠው ሁሉ ነው የወጣው። "ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ! የጎረቤት ያለህ!" በፈላና በር እንዲህ የጮኸ ሰው ሁለተኛውን ኡኡታ ሳይደግም ግቢው በሰው ይሞላል። ነጠላውን ወገቡ ላይ የሚያስር፣ ዱላ የያዘ፣ ሊጥ በእጁ ላይ ያለ፣ ሁሉም ይደርሳል። ምን እንደሆነ የሚጠየቀው ከደረሱ በኋላ ነው። እኔም ጮሄ የእግር ኮቴ ጠበቅሁ። የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ከወዲያ ከዋናው በር በኩል ብረት ከብረት ሲላተም፣ ቀጥሎ ቁልፍ ሲዞር።

ልጄን አዘልኳት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ እግሯ መሬት ይጎተታል። በየቤቱ መስኮት መጋረጃው ሲነካካ አያለሁ። ማንም አልወጣም። በሩ ጋ ደረስኩ።

"ጋሼ ይክፈቱልኝ!"

ዘበኛው ፊታቸው አመድ መስሏል። "እትዬ፣ ሌባው የት ነው?"

"ሌባ የለም! ልጄ ናት! ይክፈቱልኝ!"

"ጩኸት ተሰማ እኮ። ጩኸት ከተሰማ በሩ ይዘጋል፣ ሕግ ነው፤ ሌባው እንዳያመልጥ። ሊቀመንበሩ መጥተው ሳያዩ አይከፈትም። በሩን ዘግቼ ቁልፉን ወዲያውኑ እዚህ አጠገብ በቤታቸው በር ሥር አስገብቻለሁ። እንዲህ ነው ትእዛዙ።"

"እሳቸውስ?"

"ሩጫ ወጥተዋል፤ ቤታቸውም ሰው የለም።"

"ክፈት!" አልኩት። በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው አንተ አልኩት። "ስበረው! አንተ ልጅ የለህም?"

"አለኝ" አሉ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ባዶነቱን አሳዩኝ። "አለኝ እኮ፣ እትዬ።"

የበሩ ብረት የጣት ውፍረት አለው፤ በምን ይሰበራል? ገና ስገባ ደስ ያሰኘኝ ያ ብረት ነው። ልጄን አቅፌ ዘበኛው ቤት ግድግዳ ሥር ቁጭ አልኩ። ወረቀቱ ራሴ ላይ ተለጥፏል። ዓይኔን ሳነሳ አሥራ አንደኛው ላይ አረፈ። ጩኸት ሲሰማ በሩ ወዲያውኑ ይዘጋል። ገና ያልደረስኩበት መስመር ነበር። በራሴ አፍ ነው በሩን የዘጋሁት።

በዚህ መካከል ነው ከፎቁ በኩል ሌላ ኡኡታ የተነሳው። ያቺ የተቆለፈባት ልጅ ናት። ፊቷን ወደ እኛ አይደለም ያዞረችው፤ ወደ ውጭ፣ ወደ ቆርቆሮ ቤቶቹ ነው። "ኡኡ! ሰው ሞተ! ድረሱ! በሩ ተዘግቷል!" ትላለች። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከግንቡ ውጭ አንድ የሴት ድምፅ ተቀበላት። ሁለተኛ ድምፅ፣ ሦስተኛ ድምፅ ቀጠለ። በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ ቆመ። ወፍጮ በሥራ ሰዓት ሲቆም ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

"በጓሮ! በጓሮ በኩል አምጧት!" አሉ ከወዲያ።

ዘበኛው ልጄን ከእጄ ነጠቁኝና ትከሻቸው ላይ ጣሏት። ያ ሽማግሌ እንዲህ ይሮጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ ከኋላ ነጠላዬን እየረገጥኩ እከተላለሁ። የቆሻሻው በር ጋ ስንደርስ በዘንጎቹ መካከል የሰው ፊት ብቻ ነው፤ ከፊት ወተት ሻጯ፣ ጀሪካናቸው አጠገባቸው ተደፍቶ ወተቱ አፈሩ ላይ ይፈሳል።

"ያ ረቢ! ይቺው ናት? ይቺ ትንሿ?" አሉ። ከዚያ ወደኔ፣ "አንቺ፣ ድምፅ አለሽ እንዴ? ስንት ቀን ሙሉ ብረት ስቀጠቅጥ ዝም ስትዪ ሞታለች ብዬ ትቼሽ ነበር እኮ!"

አንድ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ሰው እየተጋፋ መጣ። መዶሻና ፌሮ ብረት ይዟል።

"ዞር በሉ፣ ዞር በሉ። ይሄን በር የበየድኩት እኔ ነኝ። ማጠፊያው ወደ ውጭ ሆኗል፣ ሌባ ይነቅለዋል ብዬ ስነግራቸው 'አንተ ሥራህን ሥራ' አሉኝ። ይኸው ሥራዬን ልሥራ!"

"አቦ ወሬውን ተውና ምታው!" አሉት ሴቶቹ።

ፌሮውን ከታች አስገብቶ በመዶሻ መታ። አንዱ ማጠፊያ ወለቀ፤ ሁለተኛው ወለቀ። በሩ ከነቁልፉ ወደ ውጭ ዘንበል አለ። እጆች ገቡ። ልጄን ተቀባብለው ሲያወጧት ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ አየሁ። የማን እጅ እንደሆነ አላውቅም፤ የእነዚያ ቀን ቀን ያዩናል የተባሉት ሰዎች እጆች ናቸው።

ባጃጅ ቆሞ ይጠብቃል። ሾፌሩ አንገቱን አዙሮ፣ "ሎተሪ ሰፈር ጓሮ በር ነበራት እንዴ?" አለ።

"ዛሬ ተከፈተላት፣ ንዳ!" አሉት ወተት ሻጯ። አብረውኝ ገቡ። የልጄን ራስ በባጃጁ ጎን ወደ ውጭ አውጥተው በሁለት እጃቸው ያዙት። "ነፋሱ ይምታት። ቢስሚላህ በይ። አንቺ ደግሞ በራስሽ ጸሎት በይ፣ ብቻ ዝም አትበይ፤ ድምፅሽን እየሰማች ትምጣ፣ አናግሪያት" ይሉኛል። እኔም አናገርኳት። ስለ ፎቶው፣ ስለ ፀጉሯ፣ ስለ አባቷ፣ የመጣልኝን። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ የግራ እጇ ጣት ሲነቃነቅ ተሰማኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር የሚሄድ መሰለኝ።

ኦክስጅን አደረጉላት። አንዷ ነርስ ልብሷን ስታይ፣ ፀጉሯን ስትዳስስ ገባት። "ከሰል ነው አይደል?" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። "አዲስ ቤት ናችሁ?" አለች ደግሞ። እንዴት አወቅሽ አልኳት። "እንግዲህ ብርድ ሲመጣ ከሰል የመታው ሰው ሲመጣልን ቤቱ አዲስ ነው፤ አሮጌ ቤት ሰው አይገድልም።" ቁጣ አልነበረባትም፣ ደክሟት ነበር። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ተግባባን።

ከቀትር በኋላ ልጄ ዓይኗን ገለጠች። ብዙ አየችኝ። ከዚያ "እማዬ፣ ፎቶው አመለጠኝ?" አለች። እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ወተት ሻጯ አልጋው ግርጌ ቁጭ ብለው፣ "አልሃምዱሊላ! ሞታ ተነስታ ፎቶ ታስባለች፤ የዛሬ ልጅ!" አሉ። ያን ቀን ወተት አልሸጡም። ስለ ወተቱ ባነሳባቸው እጃቸውን አወናጨፉብኝ፤ ምድርም ትጠጣ አሉኝ።

ኔትወርክ ተመልሶ ስልኬ ሲጮህ ሊቀመንበሩ ናቸው። ልጅሽ እንዴት ናት ይላሉ ብዬ ነበር፤ ብለዋልም። ከዚያ ግን፣ "የጓሮውን በር ማን እንደነቀለው አይተሻል?" አሉ።

"አይቻለሁ።"

"እነማን ናቸው?"

"ሰዎች ናቸው" አልኳቸውና ዘጋሁት።

ልጄ ሁለት ቀን ተኝታ ዳነች። እኔ ግን አልዳንኩም። ወደዚያ ቤት ተመልሼ ለመተኛት ስሞክር፣ መስኮቱን ሁሉ በርግጄም ቢሆን፣ እሷ በተነፈሰች ቁጥር ቆጥሬ አድራለሁ። የጓሮው በር በማግስቱ ተመልሶ ተገጥሟል፤ ማጠፊያው ወደ ውስጥ ሆኖ። አሁን ዳግመኛ ብጮህ ማን በምን ይገባል? ፈላና በር ሄጄ ለድሮ ጎረቤቴ፣ "ክፍል አለሽ?" አልኳት። "አንዲት ክፍል ናት፣ ጣሪያዋም ቀዳዳ ነው" አለችኝ። "ቀዳዳውን ነው የምፈልገው" አልኳት። ያበድኩ መስሏት አቀፈችኝ።

ዕቃችንን ያወጡልኝ ዘበኛው ናቸው። ፍራሹን ተሸክመው እስከ አስፋልቱ ድረስ ወጡ። "እትዬ፣ ተቀይመሽኛል?" አሉኝ። አልተቀየምኩም፤ ግን አልተቀየምኩም ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። "ልጄን ተሸክመው ሮጠዋል" አልኳቸው። ይኸው ነው ያልኩት። ዕቃውን ጭነው ሲጨርሱ ተመልሰው ገቡ፣ በሩንም ዘጉት። ሥራቸው ነው።

ወንድሜ የደወለው ገብተን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ወሬውን ሰምቶ ኖሯል።

"የት ነሽ?" አለኝ።

"ፈላና በር።"

"ቤቱን ለማን ጥለሽው ነው?"

"ለዘበኛው። ቤትህ ምንም አይሆንም። ኮርኒሱም አልጠቆረም።"

"እህቴ፣ እዚያ እኮ ወንድ የለሽም፣ ግንብ የለሽም፤ ብትሰረቂስ?"

በዚህ ጊዜ ጎረቤቴ በሩን ሳታንኳኳ ገፍታ ገብታ ሰሃን ፈልጋ ከመደርደሪያዬ አንስታ ወጣች። ጎረምሶቹ ገና ከጠዋቱ ጥጋቸውን ይዘው ይንጫጫሉ። ልጄ የቅንድቧን ጠባሳ በፀጉሯ ለመሸፈን መስታወት ፊት ትታገላለች፤ ፎቶ አንሺው ለቀሩት ልጆች ዛሬ ይመጣል ተብሏል። በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ብርሃን ይገባል፤ ብርድም አብሮ ይገባል። ማንደጃው ውጭ ነው ያለው። ከእንግዲህ ወዲያ ውጭ ነው የሚኖረው።

"ብንሰረቅ እንጮሃለን" አልኩት። "አታስብ። ልጄ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ። አሁን ደህና ነን።"